የፋዱማ ግማሽ

በለጠች ሀብተ ማርያምን በብዙ ነገር ማማት ይቻላል፤ ምላሷ ስለታም ነው፣ ስታኮርፍም ሳምንት ትደፍናለች። በስስት የሚያማት ሰው ግን ከዚራ ሰፈር ውስጥ አይገኝም። ቢገኝም ፋዱማ በጫማ ታባርረዋለች።

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። ባሎቻቸው በአሮጌው ባቡር አብረው ሠርተው፣ አብረው ጡረታ ወጥተው፣ በሁለት ዓመት ልዩነት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ፓፓያ ሲገዛ ለሁለት ይቆረጣል፣ ስኳር ሲገኝ ለሁለት ይሰፈራል። የማይካፈሉት ሥጋ ብቻ ነው፤ እሱን ሃይማኖት ለየው፣ ማንም አልተቀየመም። በሽታውም እንደ ሌላው ነገር ለሁለት የደረሳቸው ይመስላል። የበለጠችን ኩላሊት ደም ግፊት ጎዳው፣ የፋዱማን ደግሞ ስኳር።

የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ እጥበት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ማሽን ላይ መታሰርን የሚወድ የለም። ስለዚህ ሆስፒታሉ ውስጥ የኩላሊትን ድካም ያዘገያል የተባለ አዲስ ክኒን ሊጠና ነው ሲባል፣ ነጠላና ሻሻቸውን ለብሰው በአንድ ባጃጅ ሄዱ። ደም ሰጡ። ከሳምንት በኋላ ውጤት ሊሰሙ ተራ በተራ ገቡ።

ፋዱማ ሻሿን እያጠበቀች ወጣች። «አልሆንም አሉኝ።»

«እንዴት አትሆኚም? ለምን?»

«አቦ ተይኝ! አልሆንም አሉኝ፣ በቃ።»

በለጠች ተናደደች። ሰው መርጠው ነው ብላ ደመደመች፤ ንዴት ሲይዛት ደግሞ መጠየቅ የሚባል ነገር አታውቅም። እሷን ተቀበሏት። ሲስተር ኑሀሚን፣ የጥናቱ ነርስ፣ ረጋ ብላ አስረዳቻት፤ ግማሹ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ ክኒን። ማን የትኛውን እንደሚውጥ እሷም ሐኪሙም አያውቁም፤ አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ብቻ ያውቃል።

«ደግሞ እትዬ በለጠች፣ ለጎረቤትም ቢሆን እንዳይሰጡ።»

በለጠች ሰማች፣ ፈረመችም። ፋዱማን ግን ጎረቤት ብላ ቆጥራት አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያዋን ክኒን ሳህን ላይ አድርጋ በምላጭ ሰነጠቀቻት። ግማሿን ዋጠች፣ ግማሿን ይዛ ግቢውን ተሻገረች። ፋዱማ ክኒኗን አየቻት፣ በለጠችን አየቻት፣ ከዚያ በሻይ ዋጠቻት። አራት ወር እንዲህ አለፈ። በየወሩ በለጠች ባዶውን ብልቃጥ ስትመልስ ሲስተር ኑሀሚን፣ «አንድም አልቀረ! እንደ እርስዎ ያለ ጎበዝ የለንም» ትላታለች። በለጠች መሬት መሬቱን ታያለች። ሐፍረቱ ነበረባት፤ ሆኖም በአራተኛው ወር ውጤቷ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሽቆለቁል ቀረ። ለእኔ ከበጀ ለእሷም በጅቷል ብላ በደስታ አለቀሰች።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ፋዱማ ቧንቧው ጋ ጄሪካኗን እንደያዘች እግሯ ከዳት። ልትነሳ ሞከረች፣ አልቻለችም። በለጠች የባጃጅ ሾፌሩን እየተሳደበች ሆስፒታል አደረሰቻት።

ዶክተር ዓብዩ የልቧን ምርመራ ወረቀት አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «ፖታሲየም የሚባለው ጨው ደሟ ውስጥ ሳይበዛ አልቀረም። ልቧን ሊያቆመው ይችላል። ከታዘዘላት ሌላ የምትወስደው ነገር አለ?»

«የለም» አለች በለጠች።

ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ እሷም አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ብትናገር ከጥናቱ ያስወጧታል፤ ያ ውጤት፣ ያ ተስፋ፣ አበቃ፣ ወደ ማሽኑ። ደግሞስ ክኒኗ ባትሆንስ? መድኃኒት የሌለባት ብትሆንስ? በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ፋዱማ አልጋው ላይ ሆና ዓይኗን በክፍሉ ውስጥ ታንከራትታለች። የምትፈልገው እሷን ነበር።

በለጠች በሩን በርግዳ ገባች። «እኔ ነኝ! የጥናቱን ክኒን በየቀኑ ግማሽ ግማሹን እኔ ነኝ የሰጠኋት!»

ዶክተሩ አልተቆጣም፤ ለቁጣ ጊዜ አልነበረውም። መርፌ አዘዘ፣ አዲስ አበባ ደወለ። የክኒኑ ምስጢር ተከፈተ፤ እውነተኛው መድኃኒት ነበር። ከቀትር በኋላ የፋዱማ ልብ ወደ ልኩ ተመለሰ።

ሲስተር ኑሀሚን በለጠችን አግዳሚው ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ይህ መድኃኒት ፖታሲየምን ይጨምራል። እሳቸው ደግሞ ያኔም በዝቶባቸው ነበር፣ ያልተቀበልናቸው ለዚህ ነው። ነግረናቸው ነበርኮ።»

«እኔስ?»

«ክትትልዎ አይቋረጥም። ክኒኑን ግን ከዛሬ ጀምሮ አንሰጥዎትም።» ድምጿ ተሰበረ። «በጣም አዝናለሁ፣ እትዬ።»

በለጠች አልተከራከረችም።

በስምንተኛው ቀን ፋዱማ ከስታ ግቢው ገባች። ሊጠይቋት የመጡ ሰዎች ያመጡትን ትልቅ ፓፓያ ይዛ በለጠች ቤት ተቀመጠች።

«ነግረውሽ ነበር» አለች በለጠች።

«ነግረውኛል። ይጎዳሻል ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምን ዋጥሽው?»

«አንቺ ስታመጪልኝ ጊዜ!» ፋዱማ እጇን አወናጨፈች። «ላንቺ የሚበጅ እኔን እንዴት ይጎዳል? ወላሂ፣ አላመንኳቸውም አባዮ።» አባዮ በፋዱማ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው።

በለጠች ቢላዋ አምጥታ ፓፓያውን ለሁለት ቆረጠች፣ ፍሬውን ጠርጋ ግማሹን ዘረጋችላት። የፋዱማ እጅ ተነሳና መንገድ ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ ተመለሰ።

«ተከልክያለሁ» አለች። «ፓፓያም፣ ሙዝም፣ ብርቱካንም። ያ ጨው አለባቸው አሉኝ።»

በለጠች ግማሹን እንደያዘች እንባዋ መጣ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሥጋ ለየብቻ በላን። ማን ተቀየመ? ክኒኑንስ እንደ ሥጋው ብናደርገው ምን ነበረበት? ልገድልሽ ነበርኮ፣ ፋዱማ!»

«አልሞትኩም። አንቺ ነሽ መድኃኒትሽን ያጣሽው።» ፋዱማ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋችው። «ብዪ። ሁለቱንም።»

«አልችልም።»

«እያየሁሽ ብዪ።»

በለጠች በእንባ የራሰ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ፋዱማ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እያየቻት፣ ብቻዋን በላች።