የአያ ዳኛው አውድማ

ፅዮን ባሏ ከሞተ ወዲህ አላለቀሰችም። ለቅሶ ደራሹ «ቀኑ ደርሶ ነው» ሲላት አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ፣ ሙሉቀንን የገደለው ቀን ሳይሆን የራሱ ስህተት መሆኑን ታውቃለች። አብሮት በግላይደር ይበር የነበረው ጌትነት ሳይደብቅ ነግሯታል። ግላይደር ሞተር የለውም፤ በነፋስ የሚንሳፈፍ የጨርቅ ክንፍ ነው። ሊያርፍ ሲል፣ መሬት ከቀረበ በኋላ፣ አይታጠፍም። ሙሉቀን ታጠፈ። ክንፉ ከዳውና ከድንጋይ ካብ ላይ ወደቀ።

«ይህን ያስተማረኝ እኮ ራሱ ነው» አለ ጌትነት።

እሷንም እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። እያወቀ ለምን ታጠፈ? ለተመልካች ሊታይ ነው? «የሞተ ተጎዳ» ይላል ሰው፤ እንዲህ የሚል ሰው ግን የሚወደው ሞቶበት ብቻውን ቀርቶ አያውቅም። ሰው የሞተበት ያለቅሳል እንጂ ይቆጣል እንዴ? እሷ ተቆጥታለች፤ ቁጣዋም ውስጧ ደንዝዞ ቀርቷል።

ከአርባው በኋላ ከጎንደር ተነስታ ወደ ባሏ አገር ኮሶዬ ሄደች። ሙሉቀን ሲወድቅ ያዩት አባቱ አያ ዳኛው ናቸው፤ እስከ ዛሬ ግን ትንፍሽ አላሉም። ከማሳቸው ዳር ቆመው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ለምን ታጠፈ?»

ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ አውድማው ጠቆሙ። ገብስ የሚወቃበት፣ በእበት የተለቀለቀ ክብ መሬት ነው።

«ከዚህ ላይ ሊያርፍ መጣ። ሸጋ አድርጎ ነበር የመጣው። አውድማ መሆኑን ሲያይ ጊዜ ዞረ።»

«አውድማ ቢሆንስ?»

«አውድማ በጫማ አይረገጥም፣ ልጄ። በረከት ይሸሻል። ልጅ ሳለ በጫማው ቢገባበት በአርጩሜ ገርፌው ነበር።»

«እህል ነበረበት?»

«የለ። ገብሱማ ገብቶ ነበር። ባዶ ነበር። ‹እረፍበት!› ብዬ ጮህሁ። ነፋሱ ድምፄን ወሰደው።»

በሙሉቀን ላይ የነበራት ቁጣ ጠፋ፤ በቦታው ግን እንባም እፎይታም አልመጣላትም። አማቷን መቆጣት አማራት፣ አቅም አጣች። ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ ተራመደችና በከተማ ጫማዋ አውድማው መካከል ገብታ ቆመች።

አያ ዳኛው ከዘራቸውን ብድግ አደረጉ።

«ጫማሽን...» አሉ፣ ሳያስቡት። ከዚያ አፋቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።