ጋኑ ያየው ፊት

ፎቶ አንሺ መጣች ሲባል ሥራውን የማይደብቅ ባለሙያ በእስቴም በስማዳም አልተገኘም። መካነ ኢየሱስ አጠገብ ብራና የሚጽፉት መሪጌታ ኪዳን፣ ርብቃ ካሜራዋን አንግታ ደጃፋቸው ላይ ብቅ ስትል፣ ብርዕና ቀለማቸውን አልጋ ሥር ሸጎጡ፣ ካባቸውን ደረቡ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀጥ አሉ።

«መሪጌታ፣ እኔ የምፈልገው ሲጽፉ ነው» አለቻቸው።

«ቀለም የነካው ጣት ለትውልድ ይተላለፋል እንዴ፣ ልጄ?»

ስማዳ ላይ ደግሞ ሸማኔው የሻው የጀመረውን ጋቢ ጠቅልሎ ከዓይን አርቆ፣ ከጎረቤት የተዋሰውን ኮት ለብሶ ጠበቃት። ኮቱ ጠቦታል፤ እጁን ማጠፍ እንኳ አልቻለም። ሁለቱንም ለማግባባት ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ቀን ፈጀባት። በመጨረሻ መሪጌታም ጻፉ፣ የሻውም ኮቱን አውልቆ ሸመነ፣ ርብቃም አነሳች።

ርብቃ ንፋስ መውጫ የምትሠራ የባህል ባለሙያ ናት። የእጅ ባለሙያዎች በየቤታቸው፣ በሥራቸው ላይ ሳሉ የሚታዩበት የፎቶ ዐውደ ርእይ እንዲዘጋጅ አለቃዋን አቶ አድማሱን ለምና ያስፈቀደችው እሷ ናት። አሁን የቀራት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አርብ ገበያ አጠገብ የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ቦጋለች። እሳቸውን ሆን ብላ ነው መጨረሻ ላይ ያስቀመጠቻቸው፤ ፈርታ ነበር።

ፍርሃቷ ሦስት ዓመት የቆየ ነው። ያኔ ሥራ እንደጀመረች የእትዬ ቦጋለችን እጆች፣ ጭቃ እንደለበሱ፣ የጋን ትከሻ ላይ እንዳረፉ አነሳች። እጅ ብቻ። ፎቶው አማረ። የግድግዳ ካላንደር ሆኖ፣ «የታች ጋይንት ሸክላ» ተብሎ ተጽፎበት በየቢሮው ተሰቀለ። ርብቃም ኮራች። አንድ ቀን እትዬ ቦጋለች ለመሬት ጉዳይ ንፋስ መውጫ ድረስ መጥተው አንድ ቢሮ ሲገቡ፣ መልካሙ ከሚባለው ሠራተኛ ራስ በላይ የገዛ እጆቻቸውን አዩ።

«ይሄ እጅ የእኔ ነው» አሉ።

መልካሙ ካላንደሩን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ሳቀ። «እማማ፣ እጅማ ሁሉም ሰው አለው» ብሎ ውጭ እንዲጠብቁ ነገራቸው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አብሮት ሳቀ።

ወሬው ርብቃ ጆሮ ሲደርስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አገሩ ጠላውን የሚጠምቀው በእትዬ ቦጋለች ጋን ነው። አርብ አርብ ግን ገበያ ላይ መሬት ተቀምጠው ሲሸጡ፣ ሰው ቁልቁል እያየ ሸክላውን ያገላብጥና ዓይን ለዓይን እንዳይገጥማቸው ፊቱን ያዞራል። ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ክፉ ነው እየተባለ ነው የተኖረው። ርብቃ እንዲህ ዓይነቱን ወሬ ስትሰማ ደሟ ይፈላ ነበር። ፊታቸውን ቆርጣ የጣለችው ግን ራሷ ናት፤ ሌላ የምታሳብበው ሰው የላትም።

እትዬ ቦጋለችን ግቢያቸው ውስጥ ጭቃ ሲረግጡ አገኘቻቸው። እግራቸውን አላቆሙም።

«እጄን ወስደሽ ፊቴን ጣልሽው። አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ፊትዎን ብዬ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

«ከነሥራዬ?»

«ከነሥራዎ።»

«ከነስሜ?»

«ከነስምዎ፤ ከነአባትዎ ስም።»

ጭቃውን ጥቂት ረገጡ። «እስቲ እናያለን» አሉ።

ካባ አልደረቡም፤ ኮት አልተዋሱም። ትናንት የጀመሩትን ትልቅ ጋን ከጥላው አውጥተው ግቢው መሃል አቆሙና አንገቱን ማውጣት ጀመሩ። የሚሽከረከር ነገር የላቸውም፤ ጋኑ ይቆማል፣ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። ጎንበስ ብለው፣ በአንድ እጅ ከውስጥ ደግፈው በአንድ እጅ ከውጭ እያለሰለሱ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ይዞራሉ። ርብቃ ተከተለቻቸው፣ ቀደመቻቸው፣ ተንበረከከች፣ በሆዷ ተኛች። መቶ ጊዜ አነሳች። መቶውም ማጅራት፣ ጀርባና እጅ ሆነ። እንደገና እጅ! ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«አልሆነልሽም?» አሉ እትዬ ቦጋለች።

«ፊትዎ አልያዝ አለኝ። ቀና ቢሉልኝ...»

«ቀና ካልሁማ ሥራው ቆመ። ሥራ ላይ ሳለሁ ፊቴን የሚያየው ጋኑ ብቻ ነው» አሉና ዙራቸውን ቀጠሉ።

እሳቸው እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። ርብቃ ግን ካሜራዋን አስቀምጣ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«እትዬ፣ ይሄን ጋኑ ውስጥ ላስቀምጠው?»

እትዬ ቦጋለች ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሙ። ፊታቸው ተለወጠ። እናታቸው ያወረሷቸው አንድ ሕግ አለ፤ እሳት ያልገባበት ሸክላ ውስጥ ባዳ አይመለከትም። ከተመለከተ ሸክላው እሳት ላይ ይፈነዳል። ለዚህ ጋን አፈሩን ከገደል በጀርባቸው አምጥተውለታል፤ ገል ወቅጠው፣ ነፍተው ሰባት ቀን ለፍተውበታል። ርብቃ ይህን ሲነግሯት ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» አለች፤ ዕቃዋንም መሰብሰብ ያዘች።

«ቆይ» አሏት። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «እኔ በእጄ ካስገባሁት ባዳ አይሆንም። ግን ስሚ። ጋኑ ከእሳት በደህና ከወጣ ፎቶውን ትሰቅይዋለሽ። ከተሰነጠቀ ታጠፊዋለሽ፤ ሁለተኛም እዚህ ግቢ አትመጪም። ተስማማሽ?»

«ተስማማሁ» አለች ርብቃ።

ስልኩን በየሁለት ሰከንዱ ራሱ እንዲያነሳ አድርጋ ሰጠቻቸው። እትዬ ቦጋለች በጨርቅ ላይ አድርገው፣ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አስገብተው ከጋኑ ታች አኖሩት። ከዚያ የጠዋቷ ፀሐይ በጎን ጉንጫቸውን እየመታች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እየዞሩ አንገቱን አወጡት። ሲጨርሱም ስልኩን ራሳቸው አወጡ፤ ርብቃ በጋኑ አጠገብ እንኳ አላለፈችም።

ጋኑ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ርብቃ በዚህ ሁሉ ጊዜ ፎቶዎቹን ከፍታ አላየችም፤ ጋኑ ከእሳት ሳይወጣ የእኔ አይደሉም ብላ። እሳት የሚገባበት ቀን ግን ሳትጠራ ከተፍ አለች። ጋኑ ከትናንሽ ሸክላዎች ጋር ተደርድሮ፣ ኩበትና ሣር ተከምሮበት ተለኮሰ። ረፋዱ ላይ ከእሳቱ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱ ተያዩ። አንድ ነገር ፈንድቷል፤ የቱ እንደሆነ ግን አመዱ ሳይበርድ አይታወቅም። ርብቃ አርብ ገበያ አድራ በማግስቱ ተመልሳ መጣች።

እትዬ ቦጋለች አመዱን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ቀድሞ የታየው የተከፈለ ድስት ነው። ከዚያ ቀይ ሆኖ የበሰለው የጋኑ ትከሻ ብቅ አለ። ዙሪያውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ በጣታቸው አንጓ ኳ፣ ኳ አደረጉት። ጋኑ እንደ ቃጭል ጮኸ። እትዬ ቦጋለች እልል አሉ! አንዴ አይደለም፤ ከማዶ ያሉ ጎረቤቶች ማን ወለደ ብለው እስኪወጡ ድረስ። ርብቃ አመዱ መሃል አቀፈቻቸው፤ ፎቶውንም ያኔውኑ ጎን ለጎን ሆነው አዩት። ክብ የጋን አፍ፤ በአፉ ዙሪያ ሁለት እጆች፤ ከመሃል፣ ከኋላው ሰማይ ያለው፣ ወደ ታች አተኩሮ የሚያይ ፊት። ግንባሩን ላብ አርሶታል፤ ከንፈሩ ተነክሷል።

«እንዲህ ነው እንዴ የምመስለው?» አሉ እትዬ ቦጋለች። ቆይተውም «ደግ ነው» አሉ።

አቶ አድማሱ ፎቶውን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለዋናው ግድግዳ የካላንደሩ እጅ አይሻልም? ሰው የለመደውን ይወዳል።»

«ይሄ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም» አለች ርብቃ። «ጣሪያ ላይ ነው።»

«ጣሪያ? ሰውን አንገቱን ልትሰብሪው ነው?»

«ከታች ነው የተነሳው፤ ከታች ይታይ። እትዬ ቦጋለችን ስንት ዘመን ቁልቁል ያየ ሰው አንድ ቀን ሽቅብ ቢያይ አንገቱ አይሰበርም።»

አቶ አድማሱ ብዙ አጉረመረሙ፤ መሰላሉን የያዙላት ግን እሳቸው ናቸው።

ዐውደ ርእዩ በተከፈተ ቀን የንፋስ መውጫ አዳራሽ ጢም አለ። መሪጌታ ኪዳን በካባቸው፣ የሻው በራሱ ኮት ተገኙ። ጋኑ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጥቶ ከፎቶው ሥር ቆመ። እትዬ ቦጋለች በነጭ ቀሚስ ከአጠገቡ ቆሙና «አሁን እሳት ገብቶበታል፤ ቀረብ በሉና እዩ!» እያሉ ሰዉን ጠሩ። ሰው በየተራ ወደ ጋኑ ውስጥ ይመለከታል፣ ከዚያ ቀና ይላል፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ይቀራል። አቶ አድማሱም ቀና ሲሉ ባርኔጣቸው ወደቀ።

መልካሙም ከቢሮ ሰዎች ጋር መጥቶ ነበር። ወደ ጣሪያው አየ። ከፎቶው ጥግ ያለውን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ሸክላ ሠሪ፣ ቦጋለች በላይነህ። ፎቶ፣ ቦጋለች በላይነህና ርብቃ ሚካኤል።» ከዚያ ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ያው ፊት ከፊቱ ቆሟል። አወቃቸው። ወንበር ስቦ፣ ጎንበስ ብሎ «ይቀመጡ፣ እናቴ» አለ።

«መቀመጥማ አርብ አርብ ገበያ ላይ እቀመጣለሁ» አሉ እትዬ ቦጋለች። ሁለቱን እጆቻቸውን በጋኑ አፍ ላይ፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳሉት አድርገው አኖሩ። ዓይኑንም ትክ ብለው አዩት፤ እሱም ፊቱን አላዞረም።

«ብዬህ ነበር» አሉት። «የእኔ ነው።»