ባንዲራው ተሰቅሎ ነበር

«…ሟች፣ ቀዩ የማስጠንቀቂያ ባንዲራ ተሰቅሎ እያለ፣ በራሳቸው ቸልተኝነት ወደ ተኩስ ሜዳው በመግባታቸው…»

ሻለቃው ማንበቡን አቆመና ቀና አለ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ቡና የያዘ ሁሉ ስኒውን እንደያዘ ቀርቷል። ሟች ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፣ እህቴ» አላት የሟችን ሚስት። «ለፋይሉ ያህል ነው። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው።»

ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስት እስክሪብቶውን ተቀበለች እንጂ አልፈረመችም። ዓይኗ ጥግ ላይ አንሶላ ወደተጣለበት የስፌት መኪና ሄደ፤ ቶሎ መለሰችው።

«ቸልተኛ? ያ ጥላውን የሚፈራ ሰውዬ?» አለ አብሮት ይሠራ የነበረ ድንጋይ ጠራቢ።

እውነቱን ነው። ሟች ሃያ ዓመት ድንጋይ ሲጠርብ አንድ ቀን ተዳፍሮ አያውቅም። የድንጋይ ካባው እዚያ የነበረው የጦር ካምፑ ሳይመጣ በፊት ነው፤ ካምፑ መጣና አጥሩን በየዓመቱ እየገፋ መንገዳቸውን ዋጠው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ኮረብታውን ያያል። ባንዲራው ካለ ተኩስ አለ ማለት ነው፤ መሮውን አስቀምጦ ቤቱ ይውላል። ሲያሾፉበት «ፈሪ ለእናቱ» እያለ አብሯቸው ይስቃል።

እናቱ አሁን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ሦስት ቀን ሙሉ ለምራቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ምራትየዋ ዝምታውን እንደ ፍርድ ነው የቆጠረችው።

የሞተበት ዕለት ጠዋት ጉም ነበር። «ኮረብታው አይታየኝም፤ ልቅር እንዴ?» ብሏት ነበር ባሏ። እሷ ናት የሳቀችበት። «ባንዲራቸው እኔ ጋ አይደል እንዴ? ንፋስ ቀዶት ትናንት ወታደሩ ሊያሰፋው አመጣው። ያለሱ አይተኩሱም፤ ሂድ።» ሄደ። ተኮሱ።

አሁን ብትናገር፣ በእናቱ ፊት ‹ልጅሽን የላክሁት እኔ ነኝ› ማለቷ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ያ ጠንቃቃ ሰው ከነውሸታቸው መሬት ሊበላው ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እነዚህ ግን ዛፉን ራሳቸው ጥለው ሲያበቁ፣ በገዛ እጁ ወደቀ ብላችሁ ፈርሙ ይላሉ።

«ምስክርም አለ» አለ ሻለቃው። «ባንዲራው ሲውለበለብ ነበር።»

ይህች ‹ሲውለበለብ› የምትል ቃል ናት ከመቀመጫዋ ያስነሳቻት። አንሶላውን ገፈፈችና ቀዩን ጨርቅ አወጣች። ግማሹ ተጠግኗል፤ ግማሹ እንደተተረተረ ነው፤ የእጅ መርፌዋ ጠርዙ ላይ እንደተሰካ አለ።

«ይሄ ነው ሲውለበለብ የነበረው?»

«ሌላ ባንዲራ ይሆናላ…»

«ሌላ የለንም፣ ሻለቃ» አለ ከኋላው የቆመው ወታደር፣ ወለሉን እያየ። «ያመጣሁላት እኔ ነኝ።»

ሻለቃው ፊቱ ጠቆረ። «የካምፑ ንብረት ነው። ያምጡት።»

«አልሰጥም» አለች ጨርቁን በጡጫዋ ጨብጣ። «ዳኛ ሳያየው ከእጄ አይወጣም። ሌላ እስክታሰፉ አትተኩሱ፤ እዚያ ላይ የሚሠራ ሰው አለ። አጥራችሁን ስትገፉ ዝም አልን። ገድላችሁ ደግሞ ልታስፈርሙን? እንዴት ያለ ዓይን ነው ያላችሁ?»

ሻለቃውና ወታደሩ ያልተፈረመውን ወረቀት ይዘው ወጡ።

እሷ ግን ገና ዋናው ቀርቷታል። ወደ አማቷ ዞረች።

«እናቴ፣ ጉም ነው ልቅር ሲለኝ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ባንዲራው እጄ ላይ ስላለ…»



«አውቃለሁ» አለች አሮጊቷ። «ሲያልፍ ደጄ ላይ ቆሞ ነገረኝ። እኔም እንዳንቺ ሳቅሁበት። ፈሪ ለእናቱ ያልከው ይበቃል፣ ሂድ ሥራ፣ አልኩት። ታዲያ በምን አፌ ላናግርሽ፣ ልጄ?»

 አሮጊቷ የምራቷን ጡጫ ስባ ጭኗ ላይ አደረገችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች፤ መርፌው መዳፏ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቀስ ብላ ነቀለችውና ደሙን በጥቁር ልብሷ እጅጌ ይዛ ተቀመጠች።