የጥርሶ ቅጂ

አክስቷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ እሷ ደግሞ የክሊኒኩ የኮምፒውተር ሰው። አክስትየው በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ "ችኩሏ" ነው የምትላት። ዛሬ ጠዋትም ጓንቷን እያጠለቀች፣ "እስቲ ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር አበላሺና እዪ! ከነገ ጀምሮ ከውጭ ባለሙያ ነው የማመጣው። ዘመድነት በሩ ላይ ይቀራል" ብላታለች።

የዛሬው ሥራ ቀላል ነበር። አዲሷ እንግዳ ተቀባይ እጇን የምታፍታታበት ነገር ያስፈልጋታል። የቀጠሮ ፕሮግራሙ ያለው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው፤ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚኖር፣ ሥጋና አጥንቱ ፋይል ብቻ የሆነ ሌላ ኮምፒውተር። ስሙን "ጥርሶ" ብለውታል። ችኩሏ በምሳ ሰዓት ጥርሶን አጠፋችና ፎልደሩን እንዳለ ቀድታ ቅጂውን "ልምምድ" አለችው።

ፎልደሩ ልምምድ ይባል እንጂ ውስጡ ያሉት ፋይሎች ሁሉ አሁንም ጥርሶ ነበሩ። የእነሱንም ስም አንድ በአንድ ልምምድ አደረገችና ማሽኑን አስነሳች። ማሽኑ እምቢ አለ። "ጥርሶ የሚባለውን ዲስክ አጣሁት፤ የት ነው?" ይላል፤ ዲስክ የሚለው ቀጠሮው ሁሉ የተቀመጠበትን ፋይል ነው።

ማሽኑ ዲስኩን በምን ስም እንደሚፈልግ የተጻፈበትን የቅንብር ፋይል ከፍቶ አዲሱን ስም መጻፍ ነበር የሚያስፈልገው። ግን ከመልእክቱ ሥር "ፈልግ" የሚል ቁልፍ አለ። ተጫነችው፤ ጥርሶ የሚል ዲስክ ብቅ ሲል የየትኛው ፎልደር እንደሆነ እንኳ ሳታይ መረጠችው። ማሽኑ ተነሳ።

"ነይ፣ ያንቺ ነው፤ እንዳሻሽ አድርጊው" አለቻት አዲሷን።

"ብሰርዝስ?"

"ሰርዢ።"

"ሁሉንም?"

"ደስ እስኪልሽ።"

አዲሷ የከሰዓቱን ቀጠሮ ሙልጭ አድርጋ ሰረዘች። በምትኩ "አቶ አንበሳ፣ ክራንቻ ለማሳጠር" ብላ መዘገበች። ቀጥሎ "አያ ጅቦ፣ ለእጥበት"። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ምሳ ሰዓት አለቀ። ችኩሏ ልምምድን ዘግታ ጥርሶን አስነሳች። ጉንጫቸው ያበጠ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ ተደገፉ።

"ልጄ፣ ቀጠሮ ነበረኝ።"

ስማቸውን ፈለገች። አቶ አንበሳ። ዝቅ አለች። አያ ጅቦ። ክው አለች። ያ "ፈልግ" ብላ ያገኘችው ዲስክ የዋናው የጥርሶ ዲስክ ነበር።

"አባቴ፣ እስቲ አንዴ ይቀመጡ።"

"እኔስ እቀመጣለሁ፤ ጥርሱ ነው እንጂ አልቀመጥ ያለው።"

አዲሷ የችኩሏ ጆሮ ላይ ተለጠፈች። "ልምምድ ነው አላልሽኝም? አበላሸሁት ማለት ነው?"

"አንቺ ምን አደረግሽ? እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዝም በይ፣ ላስብበት።"

አሰበች። ልምምዱ የተሠራው በዋናው ዲስክ ላይ ከሆነ፣ የቅጂውን ዲስክ ማን ነካው? ማንም! ምሳ ሰዓት ላይ እንደተቀዳ፣ ቀጠሮው ሁሉ ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድም እውነተኛ ቀጠሮ አልተያዘም።

ጥርሶን አጠፋችው። "አንቺ ስሙን ከነፎልደሩ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ እኔ እቀይራለሁ" አለቻት።

የተበላሸውን ዲስክ "ብልሽት" ብላ ወደ ጎን አደረገችው። የቅጂውን ወደ ጥርሶ ፎልደር አምጥታ ጥርሶ ልትለው ስትል ጣቷ ቀደመ።

"ቆይ! አላነበብኩም" አለች አዲሷ።

ይሄኔ አክስትየው ከሕክምናው ክፍል ብቅ አለች። "ወንበሬ ባዶ ነው። ሰው የለም እንዴ?"

"አለ፣ እትዬ። ዋናውን አበላሽቼው ነበር፤ በቅጂው እየተካሁት ነው።"

አክስትየው እጇን አጣምራ ከጀርባቸው ቆመች። አዲሷ አነበበች፣ ችኩሏ ዲስኩን ጥርሶ አለችው፤ የቅንብር ፋይሉን ከፍተው ስሙ መግጠሙን አዩ፣ ማሽኑ ተነሳ። የሽማግሌው ስም ከነመንጋጋቸው ብቅ አለ።

"ይግቡ፣ አባቴ" አለች አክስትየው። ሽማግሌው ሲያልፉ ወደ ችኩሏ ዞረች።

"ባለሙያው ይመጣል?" አለች ችኩሏ፤ እስክትነግራት መጠበቅ አልቻለችም።

"አበላሽተሽ ብትደብቂኝ ኖሮ ይመጣ ነበር። አልደበቅሽም። ግን ከዛሬ ወዲያ ብቻሽን የፋይል ስም አትቀይሪም። እሷ ታነባለች፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።"

"እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የማነበው" አለች አዲሷ።

"እሰይ!" አለች አክስትየው፣ በሩን ከኋላዋ እየዘጋች።