የጋሼ ኮከብ

የእህቴን ባል እጠላዋለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። ቤት ጋሼ እለዋለሁ፤ ሥራ ቦታም የክፍላችን ኃላፊ ነውና ያው ጋሼ ነው። ስለ ኔፕቱን አየር የተጻፈውን ጥናት ሁለት ዓመት አብሬው ለፋሁበት። ባለፈው ወር ታዲያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ስሜን አወጣው።

"አንቺ ቁጥር ነው የደመርሽው፤ ይሄ የሳይንስ ሥራ ነው" አለኝ።

ጥናቱ በኔፕቱን ደመና ላይ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ከተገመተው በሦስት እጥፍ በዝቶ ተገኘ ይላል። ማስረጃው አንድ ነው፤ ከፕላኔቷ የመጣውን ብርሃን በሚያሳየው የግራፍ መስመር ላይ ያለች አንዲት ጎድጓዳ ስፍራ። ጋዝ ብርሃን ሲውጥ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ይተዋል። ግን የራሳችን አየርም ብርሃን ይውጣል። ስለዚህ በዚያው ሰዓት ከፕላኔቷ እኩል ከፍታ ላይ ያለ ኮከብ እናይና፣ የእኛን አየር ድርሻ በእሱ ለክተን እንቀንሳለን። ጋሼ ግን የሚወደው አንድ ኮከብ አለው። ዩራነስን ሲያጠና ሠርቶለታል፤ ከዚያ ወዲህ "ኮከቤ" እያለ ለሁሉም እሱኑ ይጠቀማል። ጆሮውን ቢቆርጡት ሌላ አይመርጥም።

ጥናቱ የሚቀርብበት ጉባኤ ሦስት ቀን ሲቀረው የምልከታውን መዝገብ ገለጥኩ። ኔፕቱን ከአድማሱ ብዙም አልራቀችም፤ ኮከቡ ግን አናታችን ላይ ነበር። የፕላኔቷ ብርሃን ያለፈበት አየር የኮከቡ ካለፈበት እጥፍ ነው፤ ሳይቀነስ የቀረ ትርፍ አለ ማለት ነው። ያቺ ጉድጓድ የኔፕቱን አይደለችም። እኛው የምንተነፍሰው አየር ናት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መዝገቡን ዘጋሁና ሆድ ይፍጀው አልኩ። በሰው ፊት ይዋረድ!

በጉባኤው ጠዋት አዳራሹ ሞልቷል። እህቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። ጋሼ ንግግሩን ጨርሶ ሊወርድ ሲል ቆም አለ።

"አንድ ስህተት ላርም" አለ።

አውቆት ይሆን?

"የሚስቴ እህት ስም ከጥናቱ ቀርቶ ነበር። ልኬቱ ሁሉ የእሷ ነው።"

ስሜ ስክሪኑ ላይ፣ ከእሱ ስም በላይ ወጣ። ሰው አጨበጨበ። እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ላንቺ ብዬ ወር ሙሉ አኩርፌው ነበር፤ ትናንት ነው እሺ ያለኝ" አለችኝ። መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

ከኋላ አንዲት አሮጊት ተመራማሪ እጃቸውን አወጡ። "ኮከቡ በዚያ ሰዓት ከፍታው ስንት ነበር?"

ጋሼ ፈገግ ብሎ ማይኩን ላከልኝ። "ይሄን የልኬቱ ባለቤት ትመልስ።"

መዋሸት እችል ነበር። እኚያ ሴትዮ ግን መዝገቡን መጠየቃቸው አይቀርም።

"አናታችን ላይ ነበር" አልኩ። "ኔፕቱን ግን ዝቅ ብላ ነበር። ያየነው የራሳችንን አየር ነው።"

የጋሼ ፊት አመድ መሰለ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ከሦስት ቀን በፊት።"

እህቴ ቦርሳዋን አንስታ ወደ መድረኩ ሄደችና ክንዱን ያዘችው። ተያይዘው ወጡ። ማይኩ እጄ ላይ ቀረ፤ ስሜም ስክሪኑ ላይ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ፤ እህቴ አኩርፋኛለች።