የባሕሩ ዝናብ

«በህንድ ውቅያኖስ ላይ ብዙ ዝናብ ይጥላል ይላል፣ እትዬ» አለች ጉዲቱ ሬዲዮኑን እየዘጋች።

«እሰይ! ዝናብማ ካለ ጥጋብ ነው!» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ። የሁሩታ ገበሬ ልጅ ናቸውና ዝናብ ለእሳቸው ሁልጊዜም መልካም ወሬ ነው።

ልጃቸው ሰብስቤ ከቦምቤይ ወደ አሰብ በሚመጣ የጭነት መርከብ ላይ ይሠራል። የባሕሩን የአየር ጠባይ ከእንግሊዝኛው ጣቢያ እየሰማች የምትነግራቸው የጎረቤታቸው ልጅ ጉዲቱ ነበረች። ትንበያው ማዕበል እንደሚነሣም ተናግሯል፤ እሷ ግን እንዳይደነግጡ ብላ ዝናቡን ብቻ ነገረቻቸው።

«ምነው፣ ዝናብ ጠላሽ እንዴ? ፊትሽ ጠቆረሳ!»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

እትዬ ሸዋወርቅ ትኩር ብለው አዩዋት። «ለካ አንቺም ልጄን ትጠብቂዋለሽ» አሉ ቀስ ብለው። «በይ፣ ያስቀረሽውን ንገሪኝ። ከፈራንም አብረን እንፍራ።»

ጉዲቱ አንገቷን ደፍታ ማዕበሉን ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ትንበያውን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙ።

በሳምንቱ ሰብስቤ ከአሰብ ናዝሬት ወዳለው ቀበሌያቸው ስልክ ደወለ። እትዬ ሸዋወርቅ ድምፁን እንደሰሙ እልል አሉና እጀታውን ለጉዲቱ ሰጧት።