የወይዘሮ መሰለች አምስት

ርሆቦት ሥራውን ስትጀምር ለጤና ጥናት ነው ብለዋት ነበር። ቁስቋም አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረች ሴቶችን፣ «በሰውነትዎ ምን ያህል ይደሰታሉ? ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይስጡ» ብላ ትጠይቃለች። አብዛኞቹ ሆዳቸውን ቁልቁል አይተው ሁለት ወይም ሦስት ይላሉ።

እዚያው ሰፈር ባለው የእጽዋት ማዕከል ችግኝ የሚያፈሉት ወይዘሮ መሰለች ግን ሳያመነቱ፣ «አምስት!» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከሦስት ዓመት በፊት ካንሰር ይዞኝ አንዱ ጡቴ ተቆርጧል። ጎረቤት እንኳ አያውቅም። ይኸው ዛሬ ቆሜ እሄዳለሁ፣ አፈር እቆፍራለሁ። ታዲያ ምን አድርጎኝ ልቀንስበት?»

ርሆቦት ልቧ ተነካ፤ ያሉትን ቃል በቃል ከስማቸው ሥር ጻፈችው።

በማግስቱ ቢሮ ስትገባ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ካርቶን ጠበቃት። የማቅጠኛ ሻይና የጡት ማሳደጊያ ቅባት ነው። አለቃዋ ያዕቆብ ቅጾቹን ሲያገላብጥ የወይዘሮ መሰለችን መዘዘና ለሠራተኛው ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ባንድ ጡት አምስት! ሁለቱም ቢኖሯትማ አሥር ልትል ነበር!»

ቢሮው በሳቅ አውካካ። ርሆቦትም አብራ ሳቀች።

«በይ አምስቱን ሰርዘሽ አንድ አድርጊው» አላት፣ እስክሪብቶ እየወረወረላት። «ሰው በገላው ካልተከፋ ይሄን ሁሉ ማን ይገዛናል?»

ርሆቦት እስክሪብቶውን አላነሳችም። ያዕቆብ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ወረቀት ሲገልጥ፣ የነዚያን ሁሉ ሴቶች ገላ የሚዳብስ መሰላት። ከሱም ይልቅ የገዛ ሳቋ ቀፈፋት። ቅጾቹን ከእጁ ነጥቃ ወጣች፤ ደረጃው ሥር ስትደርስ አስመለሳት።

አፏን ጠራርጋ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ መሰለች ቤት ወጣች። በር ላይ እንደቆመች ወረቀታቸውን ሰጥታ የሆነውን ነገረቻቸው።

«እነሱ ሲስቁ አንቺ ምን አልሽ?»

«እኔም... ሳቅሁ፣ እትዬ።»

 ወይዘሮ መሰለች ወረቀቱን በጣጥሰው ጣሉትና፣ ቆሻሻ እንደነካ ሰው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«የሌሎቹስ?»

«ይኸው ይዣለሁ። ለየባለቤቱ እመልሳለሁ።»

«መልሺ። የኔን ደጅ ግን ሁለተኛ እንዳትረግጪ።»

በሩ ተዘጋ።  ርሆቦት ቅጾቹን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ቀጥሎ ያለውን ቤት አንኳኳች።